መስኮቱ ላይ የወጣችው ልጅ

ከመወለዴ በፊት የሞተችው አክስቴ በእኔ ውስጥ ማደግ የጀመረችው ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ነው። ያኔ የማምነው ይህንን ነበር፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም እንጂ። ዛሬ የሆነውን ነገር በሕክምና ስሙ መጥራት እችላለሁ። ቢሆንም ያንን ጊዜ ባስታወስኩ ቁጥር ቀድማ የምትመጣብኝ እሷ ናት።

ቤታችን ፎቶ ቤት ነበር። ከፊት ለፊት መደብሩ፣ ከመደብሩ ጀርባ ፎቶ የሚነሳበት ክፍል፣ ቀጥሎ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማው ክፍል፣ ከዚያ ወዲያ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች። የማጠቢያው አሲድ ሽታ ከልብሳችን አይለቅም፤ ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ኮምጣጤ» ነበር የምትለኝ። አባቴ ያነሳል፣ ያጥባል። እናቴ ፎቶውን ትቆርጣለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ በጎን በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ፊት ታጠራለች።

ፊት ማጥራት የእሷ ሥራ ነበር፤ ሌላ ሰው እርሳሷን አይነካም። ኔጌቲቩን፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ሆኖ የሚታይበትን ፊልም፣ ከሥሩ ብርሃን በሚገባበት መስታወት ላይ ታስተኛውና፣ እንደ መርፌ በቀረጸችው እርሳስ የሰውየውን ሽብሽብ፣ ብጉር፣ የዓይን ሥር ጥላ እየሞላች ታጠፋለታለች። መጥቆር ያለበትን ደግሞ በምላጭ ጫፍ ትፍቃለች። ደንበኛው የታተመውን ሲያይ መጀመሪያ ትንሽ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ደስ ይለዋል፣ ቀጥሎ ተጨማሪ ቅጂ ያዝዛል። አያቴ የከተማውን ግማሽ አስውባለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከጠረጴዛዋ በላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች፣ አንድ እጇን ወንበር መደገፊያ ላይ ያሳረፈች ሴት ናት። ዓይኗ የትም ብትሄድ ይከተልሃል። አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት።

«ይህቺ ቆንጆ ደግሞ ማን ናት?» ይላል እግር ጥሎት የገባ ሁሉ።

«ልጄ ናት» ትላለች አያቴ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

«ታዲያ አሁን የት ናት?» የሚል ካለ እናቴ ቶሎ ትገባለች። «ጉርድ ነው የሚነሱት ወይስ ሙሉ?»

አንድ ጊዜ እናቴን በምን እንደሞተች ጠይቄያታለሁ። «በሆዷ» አለችኝ፣ መቀሷን ሳታቆም። እኔም ሆዷን አሟት የሞተች ሴት ብዬ አወቅኋት።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ቁመቴ ተመዘዘ። ቀሚሴ ጉልበቴ ላይ ቀረ፣ ጫማዬ ጠበበኝ፣ ከክፍል ልጆች በላይ አንገቴ ብቻውን ቀረ። አባቴ ደስታውን መደበቅ አቃተው። «ሸምበቆዬ» ብሎ ስም አወጣልኝና ደንበኛ በገባ ቁጥር ጠርቶ ያቆመኛል። አባቴ አጭር ሰው ነው፤ ካሜራው ጋ ሳጥን ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው። በልጅነቱ ግን ከክፍሉ ሁሉ ረጅም ስለነበር ጓደኞቹ «አጎቴ» እያሉ ይጠሩት እንደነበር ደረቱን ነፍቶ ያወራል።

«በአሥር ዓመቴ ጢም አውጥቻለሁ እኮ! ከዚያ ሰነፍኩና ቆምኩ» ይልና ሰውን ያስቃል።

እኔም እስቃለሁ። ያ ቀልድ የእኔም የአክስቴም ታሪክ መሆኑን የሚያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም፤ ቀልደኛውም ራሱ አያውቅም። ምናልባት አያቴ ሳትጠረጥር አትቀርም፤ እሷ ስቃ አታውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት አያቴ ፀጉሬን ልታበጥርልኝ መሬት ላይ አስቀመጠችኝ። ከእሷ ጋር እንዋደድ ነበር። ወሬዋ አያልቅም፤ የደንበኛውን ሁሉ አነጋገር እየቀዳች ታስቀኛለች። በመሃል ወሬዋ ተቋረጠ። ጎንበስ ብላ አንገቴን አሸተተች። ከዚያ ክንዴን አንስታ ብብቴን አየች፣ ግንባሬ ላይ የወጣችውን ብጉር በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። 

«እሷው መጣች» አለች።

ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። ለማን እንደሆነ ለማየት ቀና ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለችው ሴት ጋር ገጠመ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ላቤ የተለወጠው፣ ያለ ምክንያት የሚያስለቅሰኝ፣ ደረቴን ስነካው የሚያመኝ፣ እሷ እየመጣች ስለሆነ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አያቴ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። መጀመሪያ የአባቴን አሮጌ ሹራብ አለበሰችኝ፤ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ፣ በሙቀት ቀንም የማይወልቅ። ደንበኛ ሲገባ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች፤ «ጎንበስ በይ»። ወደ ሱቅ መላክ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከፊቴ ምግብ ማንሳት ጀመረች። ሥጋ ከሆነ ለአባቴ ይገለበጣል፣ ወተት ከሆነ ለድመቷ።

«እማማ፣ ምነው ከልጅቷ አፍ ይነጥቃሉ?» አለች እናቴ፣ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ።

«አታብዢላት።»

«በምን ጠመዷት? የልጅ ልጅዎ እኮ ናት!»

አያቴ ወተቱን ለድመቷ ገለበጠች። ድመቷ በዚያ ሰሞን ኳስ አክላ ነበር።

እኔ የራሴን ሂሳብ ሠራሁ። አያቴ የሞተችው ልጇ እንድትመለስ አትፈልግም፤ ስለዚህ በእኔ ውስጥ ቦታ እንዳታገኝ እያጠበበችኝ ነው። እናት ልጇን የማትፈልገው ለምንድን ነው? መልሱን ባላውቅም ለአክስቴ አዘንኩላት። ሰው ከቤቱ በር ላይ ሲመለስ ያስከፋል። ጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስሆን ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ እንድትዘረጋ ብዬ። ደግሞ ወዲያው ፍርሃት ይይዘኛል፤ እሷ ሙሉ በሙሉ ስትመጣ እኔ የት ልሆን ነው? ሆዴን ይቆርጠኛል። ሆዴን ሲቆርጠኝ ደግሞ እሷም የሞተችው በሆዷ መሆኑ ትዝ ይለኛል። ልጅ የሚፈራውን ነገር ለሰው ካልተናገረ ፍርሃቱ ማብቂያ የለውም።

አሁን ሳስበው አያቴ የምትችለውን ሁሉ ነበር ያደረገችው። ዕድገት ከምግብ ይመጣል ብላ ምግብ ቀነሰች፣ ዓይን ያየኛል ብላ ሹራብ አለበሰችኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ ከአተር የማትበልጥ ዕጢ ያለ ሰዓቷ ነቅታ ሰውነቴን በሆርሞን እየቀሰቀሰች እንደሆነ ማን ይንገራት?

አያቴ መነጽሯ ተሰብሮ ልታሠራ የሄደች ቀን አባቴ አዲስ የተሣለ መጋረጃ መጣለት። ደረጃና ሐይቅ ያለበት ነው። «ነይ እስቲ ሸምበቆዬ፣ እንሞክረው» አለና ሹራቡን አስወለቀኝ። ደንበኞች የሚዋሷቸው ልብሶች ካሉበት ሳጥን ነጭ ቀሚስ አወጣ። እጅጌው ልክክ አለ። ባለ ተረከዙን ጫማ ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቅጥቆ አደረገልኝ።

«እጅሽን ወንበሩ ላይ። አገጭ ቀና። አትሳቂ፣ ትልቅ ሰው አይስቅም።»

ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጥሩ ስሜት ነበረው፤ አልዋሽም።

ጨለማው ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት ሥር፣ አባቴ ወረቀቱን አሲዱ ውስጥ እያንሳፈፈ፣ እኔም ትከሻው ሥር ሆኜ ጠበቅን። መጀመሪያ ወንበሩ መጣ፣ ከዚያ ቀሚሱ፣ ከዚያ ፊቱ። ከውሃው ውስጥ ቀስ እያለች የወጣችው እኔ አልነበርኩም። አባቴ ወረቀቱን ወደ ቀዩ መብራት አስጠጋው።

«ቁርጥ እሷን» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተለውጦ።

አባቴ እህቱን የሚያውቃት ከፎቶው ነበር። ስትሞት የአምስት ዓመት ልጅ ስለነበር ትዝ የሚለው ሽርጧ ብቻ ነው። በዕድሜው ሙሉ ግድግዳ ላይ ሲያያት የኖራትን ሴት በልጁ ፊት ላይ ሲያገኛት እንደ ስጦታ ቆጠረው። ፎቶውን አሳድጎ አተመና መንገድ ወደሚያየው ትልቁ መስኮት ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። አያቴ በጓሮ በር ስለምትገባና ያለ መነጽር ስለነበረች አላየችም።

መነጽሯ መጥቶ ወደ ጠረጴዛዋ በተመለሰች ማግስት አንድ ሰውዬ ገባ። የጎማ ነጋዴ ነው፤ ለፈቃድ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሽቶ የተቀባ። እኔ ሹራቤን ለብሼ ባንኮኒው ሥር ቁርጥራጭ ወረቀት እለቅም ነበር።

«ውጭ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የማን ናት?» አለ ሂሳቡን ከከፈለ በኋላ።

«የኔ ናት» አለ አባቴ አፉን ሞልቶ።

«ለሰው ተሰጥታለች?»

አባቴ ሳቀ። «ኧረ ገና ልጅ ናት፣ ጌታዬ።»

«ሁሉም አባት እንዲህ ነው የሚለው።» ሰውየውም አብሮት ሳቀ። «ለራሴ እንዳይመስልህ፣ ለወንድሜ ነው። ጨዋ ቤተሰብ እንፈልግለታለን ስንል ቆይተናል። የምሬን ነው፣ አስብበት።»

ሰውየው ወደደኝ ብዬ ደስ አለኝ። ከባንኮኒው ሥር ብቅ ብዬ እኔ ነኝ ልለው ነበር። በዚያ ቅጽበት የአያቴ እርሳስ ሲሰበር ሰማሁ።

ተነሳች። ፎቶ የምንጫንበትን የብረት ክብደት ከባንኮኒው ላይ አንስታ በሰውየው አጠገብ አልፋ ወጣች። ደጅ ቆማ ትልቁን መስኮት አየች። እኔ ከውስጥ ነው የማያት፤ በእኔና በእሷ መካከል ነጭ ቀሚስ የለበሰችው ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ከዚያ መስታወቱ ወረደ። የመንገዱ ሰው ሁሉ ቆመ። አያቴ እጇን በስባሪው መሃል አስገብታ ፎቶውን አወጣችና ለሁለት ቀደደችው፣ ደግማ ቀደደችው። ደም በክንዷ ላይ ይወርዳል።

«አበድሽ እንዴ እማዬ?» አባቴ ሮጦ ያዛት።

«በዚህ መስኮት ሁለተኛ ልጅ አላወጣም» አለች። አልጮኸችም። «ገደልከኝ እኮ። አንተም እንደ አባትህ።»

እኔን ነበር የቀደደችው። በልጅነት ዓይኔ ያየሁት ያንን ነው፤ እንደዚያ የጠላኝ ሰው አልነበረም። ባንኮኒው ሥር ተመልሼ ገባሁ። እናቴ እስክታወጣኝ ድረስ እዚያው አለቀስኩ።

በነጋታው እጇን በፋሻ ጠቅልላ «ሐኪም ቤት ውሰዷት» አለች አያቴ፤ ማንም አልተከራከራትም። አራታችንም ሄድን።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበረች። ግራ እጄን ራጅ አስነሳችና ፊልሙን ብርሃን ባለበት ሰሌዳ ላይ ሰቀለችው። አባቴ እንደ ባለሙያ ጠጋ ብሎ አየው፤ ኔጌቲቭ ነበርና የቤታችን ነገር መሰለው። ጣቶቹ ረጃጅም፣ አጥንቶቹ የተጠጋጉ የሌላ ሰው እጅ ነበር።

«ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው» አለች ሐኪሟ። «አጥንቷ ግን አሥራ አንድ ሞልቶታል። ቶሎ የሚያድግ አጥንት ቶሎ ይዘጋል፤ አሁን ረጅም ናት፣ ካላቆምነው አጭር ሆና ትቀራለች። ቁመቱ ብቻም አይደለም። ሰው ትልቅ ሴት ናት ብሎ ይቀርባታል፣ እሷ ደግሞ ልጅ ናት።» ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። «በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ቀድሞ ያደገ ሰው ነበር?»

«በእኛ ቤት የለም» አለ አባቴ።

«አለ» አለች አያቴ።

 እናቴ ምን አውቃ እንደሆነ እንጃ፣ ሁለት እጇን ጆሮዬ ላይ ጫነችው። በጣቶቿ መሃል የሰማሁት ጥቂት ነው። «አሥራ አንድ» የሚል ሰማሁ፣ «እርሳስ» የሚል፣ «አልተረፉም» የሚል። ለሰባት ዓመት ልጅ አሥራ አንድ ዓመት ትልቅ ሰው ነው። ስለዚህ የሰማሁት ሁሉ የማውቀውን አጸናልኝ፤ ሰሌዳው ላይ የተሰቀለው እጅ የአክስቴ ነው፣ ሐኪሟም አይታዋለች።

የቀረውን እናቴ የሞላችልኝ እኔ ራሴ ካገባሁ በኋላ ነው። አያቴ ያን ቀን ያለችው ይህ ነበር፦ «ስምንት ዓመቷ ላይ ተመዘዘች፤ በዘጠኝ ዓመቷ እኔን አከለች። አባቷ ቀሚስ አልብሶ አነሳት። ጉንጯ ገና የልጅ ጉንጭ ነበር። እኔ ነኝ በምላጭና በእርሳስ ያጠፋሁት፣ መስኮት ላይ እንድታምር ብዬ። ሰው አይቶ መጣ፣ ጠየቀን። ስንት ዓመቷ ነው ብሎ አልጠየቀም፣ እኛም አልነገርነውም። አሥራ አንድ ነበረች። በዓመቱ በወሊድ ሄደች፣ ሕፃኑም እሷም አልተረፉም።»

እኔ ግድግዳ ላይ ሳያት የኖርኳት ሴት፣ ገና ልጅ ነበረች። ዛሬ ያንን ፎቶ ሳየው የማየው የአያቴን እርሳስና ምላጭ ነው፤ ከአገጯ ሥር የጨመረችውን ጥላ፣ ከጉንጯ የፋቀችውን ክብ። በጣም ጥሩ ሠራተኛ ነበረች።

የነገሩን ምንጭ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም አስረዳኝ። በቤተሰብ የሚተላለፍ የዘር ለውጥ ነው፤ የጉርምስናን በር በጊዜው እስኪደርስ ዘግቶ የሚይዘው ነገር ይሰንፋል። የሚገርመው፣ ከአባት ሲወረስ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከእናት ሲወረስ ተኝቶ ያልፋል። ከአባቴ በፊት በዚያው ሳጥን ላይ ቆሞ ይሠራ የነበረው ወንድ አያቴ ለሁለት ልጆቹ ሰጠ፣ አባቴ ለእኔ ሰጠ። ዘመድ አዝማዱ «ምን እያበላሽ ነው ያሳደግሻት?» እያለ የወቀሳት እናቴ እጇ የለበትም። እኔ ልጅ አለኝ፣ ወንድ። ደርሶት ከሆነ በእሱ ላይ ዝም ይላል፤ ሴት ልጅ የወለደ ቀን ግን እኔ እንቅልፍ አይኖረኝም።

ሐኪሟ ያዘዘችው መርፌ በየወሩ ነበር። ከአያቴ ጋር ነው የምንሄደው፤ ሌላ ሰው እንዲወስደኝ አትፈቅድም። «ይህ ያስቆመዋል» ትለኛለች ነርሷ፣ ታፋዬን በአልኮል እያሸች። እኔ ማንን እንደሚያስቆሙ አውቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ራሴ ለራሴ ልቀር ነው። ብጉሬ ሲጠፋ፣ ያ ለቅሶ ሲተወኝ ግን ሆድ ባሰኝ። አክስቴ እየሄደች ነበር፣ ሁለተኛ ጊዜ፣ በእኔ ምክንያት። መደብሩ ባዶ ሲሆን ፎቶዋ ሥር እቆምና ቀስ ብዬ ይቅርታ እላታለሁ። ፊቷ ላይ ምንም አይታይም። አንድ ቀን አያቴ ደርሳብኝ «ምን እያልሻት ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ከጎኔ ቆመች፣ እሷም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ምግቤ ተመልሶልኛል፤ ሹራቡም ለድመቷ መተኛ ሆኗል። እኔና አያቴ ግን እንደ ድሮ አልሆንንም ነበር። ፎቶዬን የቀደደች እጅ እጄን ይዛ መንገድ ስታሻግረኝ ጣቶቼን አላላለሁ፤ እሷ ታጠብቃለች።

ዓመት አለፈ። ሐኪሟ እንደገና ራጅ አስነሳችኝ፣ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። አያቴ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ አደረገች፣ ተጠጋች። ፊልም ማየት ለእሷ አዲስ አይደለም። ሁለቱን እጆች እያስተያየች ረጅም ጊዜ ቆየች።

«ቆሟል» አለች፣ ሐኪሟ ሳትነግራት።

«በጣም ጥሩ ነው የያዘው» አለች ሐኪሟ። «አጥንቷ እየጠበቃት ነው። እማማ፣ እንኳን ቶሎ አመጧት።»

አያቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መሐረቧን አወጣች፣ ግን ዓይኗን አልጠረገችበትም፤ ያዘችው ብቻ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «እውነቱን ንገሪኝ። ይህ መርፌ ያኔ ነበር?»

ሐኪሟ እኔን አየች፣ አያቴን አየች። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና የዚያ መስታወት ጠባሳ ባለበት እጇ ላይ እጇን አሳረፈች።

«አልነበረም እማማ» አለች። «ያን ጊዜ በየትም አገር አልነበረም። ማንም ምንም ሊያደርግላት አይችልም ነበር። ራስዎን አይውቀሱ።»

አያቴ ራሷን ነቀነቀች፣ ብዙ ጊዜ፣ የተጽናናች መስላ። እኔም ደስ አለኝ፤ ጥያቄው ያለቀ መሰለኝ። ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

«እሺ፣ መርፌውስ አልነበረም» አለች አያቴ። «እምቢ ማለት ግን ነበረ።»